ያልወሰኑትን የሚሸከሙ፦ የሕሊና ጭንቀት በጤና ባለሙያዎች ሥራ ውስጥ

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ አራት ዐበይት አጀንዳዎች ነበሩት፤ ከአራቱ አንዱ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የሆነ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። አጀንዳው በየሆስፒታሉ ግድግዳ ተለጠፈ፣ ሥልጠና ተሰጠበት፣ በየግምገማው ተነሣ። መነሻውም የሚናቅ አልነበረም፤ ተገልጋይ መመናጨቁ፣ እናቶች በወሊድ ክፍል መሰደባቸው እውነተኛ ቅሬታ ነበር፣ ዛሬም ነው። ይሁን እንጂ አጀንዳው አንድ ጥያቄ ሳይነካ አለፈ። ርኅራኄው ያላት፣ ሕመምተኛውን የምታከብር፣ ለመንከባከብም የምትተጋ ነርስ ትክክል መሆኑን የምታውቀውን ነገር እንዳታደርግ ሁኔታው ሲከለክላት ምን ትሁን? መድኃኒቱ ከሌለ፣ አልጋው ሁሉ ከተያዘ፣ አለቃዋ ዝም እንድትል ካዘዛት፣ ቤተሰቡ ገንዘቡ አልቆበት ሕመምተኛውን ይዞ ሊወጣ ከተነሣ፣ ርኅራኄዋ ሥቃይዋን ያበዛዋል እንጂ አያቀልላትም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሩ ጀምተን በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ሥነ ምግባር ሲጽፍ ለዚህ ሁኔታ ስም አወጣለት። የሕሊና ጭንቀት ብሎ የጠራው፣ ባለሙያው መደረግ የሚገባውን እያወቀ፣ የተቋሙ አሠራር ያንን እንዳይፈጽም ሲያግደው የሚደርስበትን ሥቃይ ነው። ይህ ከሁለት ተቀራራቢ ነገሮች ይለያል። ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ ያደረ ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል የሚለማመድ ጀማሪ ሐኪም፣ ይዝላል፤ ይህ የሥራ መዛል ነው፣ ዕረፍት ቢያገኝም ይሻለዋል። ሁለት መንገድ ቀርቦለት የትኛው እንደሚሻል መለየት ያቃተው ሐኪም ደግሞ አጣብቂኝ ውስጥ ነው፤ ቢመክርና ቢያነብ ሊወጣው ይችላል። የሕሊና ጭንቀት የያዘው ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል፤ የሚያስጨንቀውም ማወቁ ነው። ኤፕስታይንና ሃምሪክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ገጠመኝ ካለፈ በኋላ የሆነ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ገጠመኝ በዚያ ዝቃጭ ላይ ይደረባል። ከዓመታት በኋላ በትንሽ ነገር የምትቆጣ፣ ወይም ከሕመምተኛ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የተወች ነርስ በክፋት አልሆነችም ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ አማራ ክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች በሚሠሩ ነርሶች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ችግሩ የጥቂቶች ሳይሆን የብዙኃኑ መሆኑን አሳይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሕሊና ጭንቀት በዋነኛነት የግለሰብ ጥንካሬ ጉዳይ አይደለም የሚል ነው። ከላይ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በጽሑፍ መወሰን የነበረበት ነገር ሳይወሰን ሲቀር ውሳኔው አይጠፋም፤ ወደ ታች እየወረደ መጥቶ አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ሥልጣን ያለው ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋዎች በሙሉ በተያዙበት ሌሊት መተንፈስ ያቃተው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። ሐኪሙ በጉሮሮው ቱቦ ያስገባለታል፤ ቱቦው የሚያያዝበት የመተንፈሻ ማሽን፣ ቬንትሌተር፣ ግን የለም። የሚቀረው በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ ነው። ባጉ በየስድስት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም መጨመቅ አለበት፤ በሰዓት ስድስት መቶ ጊዜ ማለት ነው። ነርሷ ሌሎች ሕሙማን ስላሉባት እዚያው ቆማ ልታድር አትችልም፤ ስለዚህ አስታማሚውን፣ ብዙ ጊዜ ልጁን ወይም ወንድሙን፣ እጁን ይዛ ታሳየዋለች፦ "እንዲህ ጭመቅ፤ ደረቱ ከፍ ሲል ልቀቅ፤ ሲደክምህ ጥራኝ።" እጁ እንደሚዝል ታውቃለች። ሲነጋ ቤተሰቡ "እስከ መቼ ነው?" ብሎ እንደሚጠይቅም ታውቃለች። ልጁ ከተወው አባቱን የገደለ ይመስለዋል፤ እሷ ተወው ብትለው የፈረደችው እሷ ትሆናለች፤ ተረኛው ሐኪም ደግሞ የሚደገፍበት መመሪያ ስለሌለው በካርዱ ላይ አንዳች ነገር መጻፍ ይፈራል። አንድ አልጋ ሲለቀቅ ለማን እንደሚሰጥ የተጻፈ ነገር በሌለበት ቀድሞ የገባ ይይዛል፤ አልፎ አልፎም ስልክ ያስደወለ ይይዛል። ሁለቱም ውሳኔዎች ናቸው፤ ወሰንኩ የሚል ባለቤት ግን የላቸውም።

ኮቪድ ሰሜን ጣሊያንን ባጨናነቀበት ወቅት የአገሪቱ የሰመመንና የጽኑ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር መጋቢት 6 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ የጽኑ ሕክምና አልጋ ለሁሉም በማይዳረስበት ጊዜ ማን እንደሚቀድም መመዘኛ ያስቀመጠ ሲሆን፣ የዕድሜ ገደብ ሊያስፈልግ ይችላል በማለቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ተቃውሞውም መሠረት ነበረው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሰነዱ ከጠቀሳቸው ዓላማዎች አንዱ ነው፤ በስሜት ከባድ የሆነውን የውሳኔ ኃላፊነት በከፊል ከግለሰብ ሐኪሙ ትከሻ ላይ ማንሣት። ማኅበሩ ለሐኪሞቹ ጠንክሩ ብሎ አልመከረም፤ ተከራካሪም ተቺም ሊመረምረው የሚችል ወረቀት ሰጣቸው።

የኩላሊት እጥበት ታሪክ ይህንኑ ከሁለቱም ወገን ያሳያል። በሲያትል ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የሰው ሠራሽ ኩላሊት ማዕከል ሲከፈት ማሽኖቹ ጥቂት፣ የሚሞቱት ብዙ ነበሩ። ሐኪሞቹ ማን እንደሚታከም ራሳቸው መምረጥ ስላልፈለጉ ስማቸው የማይገለጽ ሰባት የከተማው ነዋሪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲመርጥ ገቢን፣ ትዳርን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለምን ሳይቀር ይመለከት ነበር፤ ይህ በመጽሔት ሲጋለጥ አሜሪካውያን ተቆጡ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም የእጥበቱን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። ኮሚቴው መጥፎ መመዘኛ ነበረው፤ መመዘኛው በመኖሩ ግን ሰው ሊያየውና ሊያወግዘው ቻለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከተማ የስኳርና የልብ ሕመም ያለበት የ41 ዓመት ሰው የመንግሥት ሆስፒታል እጥበት ከልክሎኛል ብሎ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ፈረደ፤ ምክንያቱም ሆስፒታሉ ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው የሚችሉትን የሚያስቀድም መመሪያ ነበረው፣ መመሪያውንም ለሁሉም እኩል ይሠራበት ነበር። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ፍርዱ ያሳዝናል፤ ቢሆንም እዚያ ክፍል የምትሠራው ነርስ "አንተ አትገባም" ስትል የራሷን ብይን እየሰጠች እንዳልነበረ ግልጽ ነበር።

የእኛው የእጥበት ክፍሎች ከዚህ የሚለዩበት ነገር አለ። የእጥበት ሕመምተኛ እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይተኛል፤ ነርሷም ከነልጆቹ ታውቀዋለች። ገንዘቡ ሲመናመን ሦስቱ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀራል። እዚህ ላይ የከለከለ ኮሚቴም፣ የፈረደ ዳኛም የለም፤ የከለከለው ኪሱ ነው። በየሳምንቱ እግሩ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያጠረ ሲመጣ የምታየው ግን እሷ ናት። ደመወዟ እንዲህ ያለውን ክፍያ ባይችልም የአንድ ቀኑን የምትሸፍን፣ ባልደረቦቿን የምታስተባብር ነርስ ብርቅ አይደለችም። ይህ ደግነት ሊመሰገን ይገባል፤ ይሁን እንጂ ለአንዱ ያዋጣች ሰው ለሌላው ያላዋጣችበትን ምክንያት ለራሷ ማስረዳት ይኖርባታል፤ ጭንቀቱም እዚያ ይብሳል።

ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የትግራይ ጦርነት በመቐለው ዓይደር ሆስፒታል የሆነው የዚህ ሁሉ ጥግ ነው። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ ጓንት አጥበው ደግመው ተጠቅመዋል፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለመስጠት ተገደዋል፤ የእጥበት አቅርቦቱ ሲቋረጥም ለዓመታት ያከሟቸው ሕሙማን ሞተዋል። በዚያ ሁኔታ ለባለሙያው ስለ ጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና መስጠት ስድብ ይሆን ነበር። አቅርቦት ወደ ትግራይ እንዳይገባ ያደረገው እገዳ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር፤ ሐኪሙ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ያየውን መዝግቦ ለዓለም ማሰማት ብቻ ነበር፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም ያንን አድርገዋል።

ሁሉም የሕሊና ጭንቀት ግን ከእጥረት አይመጣም። በእኛ ዘንድ የክፉ ዜና አነጋገር የራሱ ወግ አለው፤ መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፣ በሌሊት አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በካሊፎርኒያ ትሠራ የነበረችው አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሐኪሞች ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ አስረድታለች፤ ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ የከባድ በሽታ ውጤት ፊት ለፊት መንገር እንደ ጭካኔ ሊታይ እንደሚችል፣ አስቀድሞ ለቤተሰብ መንገር እንደሚገባ መክራለች። ምክሩ አሜሪካ ላለው ሐኪም በጣም ጠቃሚ ነበር። አገር ቤት ያለው ችግር ግን ሌላ ገጽታ አለው። ቀን ላይ ልጆቹ ሲኒየር ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያገኙታል፣ "ዶክተር፣ እናታችን እንዳይሰሙ" ይላሉ፣ እሱም ይስማማና ይሄዳል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ግሉኮስ ልትቀይር የመጣችውን ነርስ አሮጊቷ እጇን ይዘው "የኔ ልጅ፣ አንቺ አትዋሺኝም፤ ያገኙብኝ ምንድን ነው?" ይሏታል። "እማማ፣ ነገ ዶክተር ሲመጡ ይነግሩዎታል" ብላ ትወጣለች። ዶክተሩ እንደማይነግራቸው ታውቃለች። ኑዛዜያቸውን ሳይናገሩ፣ ርስታቸውን ሳያደላድሉ፣ ካህን ሳያስጠሩ የሚሞቱ ሰዎች እንዳሉም ታውቃለች።

እዚህም መፍትሔው የአሜሪካውን ልማድ እንዳለ መገልበጥ አይመስለኝም። ሕመምተኛው ካርድ አውጥቶ ሲተኛ፣ ገና ውጤት ሳይመጣ፣ "ውጤቱ ሲደርስ ለማን እንንገር? ለእርስዎ ነው ወይስ ከልጆችዎ ለአንዱ?" ተብሎ ሊጠየቅና መልሱ በካርዱ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ለልጄ ንገሩት ያሉ እናት መብታቸውን ተጠቅመዋል፤ ለእኔ ንገሩኝ ያሉም እንዲሁ። የሌሊቷ ነርስ ያኔ ካርዱን ገልጣ የምትመልሰው ነገር ይኖራታል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ መስመርና ያንን መስመር የሚያስገድድ ኃላፊ ነው።

ሕጉ በግልጽ በወሰነበት ጉዳይ ላይ እንኳ ሸክሙ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ ተደፍሬ ነው ያለች ሴት ቃሏ በቂ እንደሆነም ቀጥሎ ደንግጓል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የምትል አዋላጅና አገልግሎቱን የምትሰጥ ባልደረባዋ ብቻቸውን ይተዋሉ። የመጀመሪያዋ ታካሚዋን ወደ ማን እንደምትመራ ካልተነገራት በሕሊናዋና በሴቲቱ ደኅንነት መካከል ትያዛለች፤ ሁለተኛዋ ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ተከምሮ በዚያው ላይ ከገዛ ባልደረቦቿ ስም ይወጣላታል።

በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች አደባባይ ሲወጡ፣ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብዙ ክልሎች ያሉ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የተሰማው ክርክር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት እርምጃውን ሕገወጥ ብሎታል፤ ባለሙያዎች ታስረዋል። ብዙ ሰው ጉዳዩን የደመወዝ ጥያቄ አድርጎ ነው ያየው፤ ደመወዙም በእርግጥ ዋና ጥያቄ ነበር። ቢሆንም በርካታ ባለሙያዎች ሲናገሩ የሚደመጠው ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፤ ልጆቼን ማብላት አልቻልኩም፣ ሕመምተኛዬንም በባዶ እጄ ማከም ታክቶኛል የሚል። ሥራ ማቆም ራሱ የሕሊና ጭንቀት ያመጣል፤ ሐኪሙ ነገ የሚመጣውን ሕመምተኛ ያውቀዋልና። ይህን ያህል ዋጋ ያለው እርምጃ የተመረጠው ለቅሬታ የተዘረጋው ሌላ መንገድ ሁሉ ወዴትም አላደርስ ብሎ ይመስላል።

ታዲያ ባለሙያው እስከዚያው እንዴት ይኑር? አብዛኛው የሚደገፈው በእምነቱ ነው። ከዲዩቲ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ ሱብሒ ሰግዶ ወደ ሥራ የሚገባ፣ ለንስሐ አባቱ የሚናገር ብዙ ነው፤ ይህን የሚተካ የሥነ ልቦና አገልግሎት በየሆስፒታሉ ስለሌለ ብቻ ሳይሆን በራሱም ትልቅ ድጋፍ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። "የእግዜር ፈቃድ ነው"፣ "ከአላህ ነው" የሚለው ቃል ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ በኦክስጅን እጦት ለደረሰ ሞት ሆስፒታሉ ራሱ ሲናገረው ግን ማመካኛ ይሆናል። ንስሐም የሚሰጠው ለበደለ ነው፤ ነርሷ ያልበደለችውን እየተናዘዘች ከሆነ ሌላ የሚጠየቅ አካል አለ ማለት ነው።

የአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ነርሶች ማኅበር በ2004 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ባለ አራት እርምጃ ምክር በብዙ አገር ይሠራበታል፦ የሚሰማህ ምን እንደሆነ ጠይቅ፣ ስሜቱ ልክ መሆኑን አረጋግጥ፣ ምንጩን መርምር፣ ከዚያ እርምጃ ውሰድ። ሦስቱን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊፈጽማቸው ይችላል። አራተኛው ግን ሰሚ ይፈልጋል። በእኛ ሆስፒታሎች ኢንተርኑ ሬዚደንቱን (ለስፔሻሊስትነት የሚማረውን ሐኪም)፣ ሬዚደንቱ ሲኒየሩን፣ ነርሷ ሁሉንም ትፈራለች፤ በማለዳው የሞርኒንግ ስብሰባ ላይ ሌሊት የሞተው ሰው ሲነሣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ "ለምን ይህን ምርመራ አላዘዝክም?" ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ኢንተርኑ ግን ቆሞ ይወቀሳል።

በቦስተን ከተማ በሳንባ ካንሰር ሞተው የነበሩትን ኬኔት ሽዋርትዝ የተባሉ ጠበቃ ለማሰብ በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ልማድ እዚህ ላይ ቢታሰብ ይጠቅማል። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው በወር አንድ ጊዜ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ከባድ ገጠመኝ ያነሣሉ፤ ሕክምናው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ተብሎ አይገመገምም፤ የሚነገረው እያንዳንዱ ምን እንደተሰማው ነው። ሲኒየሩ "እኔም ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም" ሲል መስማት ለኢንተርኑ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዳራሽ፣ ቡናና የአንድ ሰዓት ዕድሜ ነው። በወር አንዱን ሞርኒንግ ለዚህ መስጠት የሚከብድ አይመስለኝም።

መነጋገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ዝቃጩን ያሳንሳል እንጂ ምንጩን አይደፍንም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕሊና ጭንቀት የደረሰበት ሠራተኛ ሲጠራ ወደ ክፍሉ የሚመጣ የምክክር ቡድን አለ፤ ቡድኑ ጠሪውን ከማጽናናት አልፎ የጭንቀቱ ምንጭ የክፍሉ አሠራር ነው ወይስ የመላው ተቋም ብሎ ይለያል፣ ለሚመለከተውም ያቀርባል። በአገራችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲባል የሚታወቀው ወይ ምርምር የሚያጸድቀው ነው፣ ወይ ባለሙያ ተከስሶ የሚቀርብበት። ስለዚህ ነርሷ ሥነ ምግባር የሚለውን ቃል ስትሰማ የምታስበው የሥራ ፈቃዷ ሊነጠቅ እንደሚችል ነው። ከዚህ የተለየ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሕግ ሰው፣ የሃይማኖት አባትና ከአካባቢው ነዋሪ አንድ ሰው ያሉበት፣ በሌሊትም ቢሆን በስልክ የሚገኝ አነስተኛ ቡድን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ሊያቋቁሙ ይችላሉ። የመጀመሪያ ሥራውም የጽኑ ሕክምና አልጋ አሰጣጡን መመዘኛ ጽፎ በግልጽ ቦታ መለጠፍ ይሁን። መመዘኛው ስሕተት ይኖረዋል፤ የሲያትሉም ነበረው። ከተለጠፈ ግን ቤተሰብም ጋዜጠኛም ባለሙያም ሊሞግተው ይችላል፤ አሁን ያለውን ያልተጻፈ አሠራር ግን ማንም ሊሞግተው አይችልም።

ቡድኑ ቬንትሌተር ሊፈጥር እንደማይችል የታወቀ ነው። ሊያደርግ የሚችለው ግን እያንዳንዱን እምቢታ መመዝገብ ነው። ዛሬ በአልጋ እጦት የሞተ ሰው የሞት ማስረጃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የልብና የመተንፈሻ መቆም የሚል ነው፤ ማንም ሲሞት ልቡ ይቆማልና ይህ ምንም አይነግረንም። ከዚያ መስመር ሥር አልጋ ስላልነበረ፣ ኦክስጅን ስላለቀ፣ መድኃኒቱ ከውጭ ግዙ ተብለው ቤተሰቡ መግዛት ስላልቻለ የሚል አንድ ተጨማሪ መስመር ቢኖርና ድምሩ በየሩብ ዓመቱ ለሆስፒታሉ ቦርድና ለጤና ቢሮው ቢቀርብ፣ በጀት የሚመድቡት ሰዎች ቁጥሩን በፊርማቸው ይቀበሉታል።